ዘጠኝ ሆነን ተሰብስበን እንዴት ሳናይ ቀረን?

ሐይቅ ዳር (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡10)

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ትንሽ ይረዝማል፤ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። አርብ ስብሰባ አለብኝ፤ ከዚያ በፊት የሌላ ሰው ሐሳብ እፈልጋለሁ።

የምሠራው ከባሕር ዳር ብዙ በማይርቅ፣ ጣና ዳር ባለ ጤና ጣቢያ ነው። ስሙን አልጠራም። ክትባት ክፍል ነኝ። ፍሪጁ፣ መዝገቡ፣ በጀልባና በእግር ወደ ቀበሌዎች የምንይዘው ቫክሲን ካሪየር (የክትባት ማቀዝቀዣ ሳጥን) ሁሉ በእኔ እጅ ነው። ስድስት ዓመቴ ነው።

ሥራውን ለማታውቁ ትንሽ ላስረዳ። ክትባት የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ሙቀት እንደሚያበላሸው ሁሉም ያውቃል። አንዳንዱን ግን ቅዝቃዜም ያበላሸዋል። አምስት በሽታ የሚከላከለው የሕፃናት ክትባት ፔንታቫለንት፣ እኛ ፔንታ የምንለው፣ አንዴ በረዶ ከሠራ በኋላ ቢሟሟም ወደ ቦታው አይመለስም። ልጁ ይወጋል፣ ያለቅሳል፤ እናትየው ካርዷ ላይ ተጽፎላት ደስ ብሏት ትሄዳለች። ክትባቱ ግን እንደሚጠበቀው አይከላከልለትም። ቴርሞሜትሩን ጧትና ማታ እያየን ቁጥሩን መዝገብ ላይ የምናሰፍረው ለዚህ ነው።

ቅዳሜ ማታ ኃይለኛ ዝናብ ነበር። ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ፤ ሌሊት ወደ 9 ሰዓት ተመለሰ። ጄኔሬተሩ አልተነሳም። ቅዳሜና እሑድ እኔ ተረኛ አልነበርኩም። ሰኞ ጧት በር ላይ ጥበቃው ጋሼ ገና ሰላም ሳንባባል «ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ አደረ፣ ክትባትሽን እይው» አሉኝ። ሮጬ ገባሁ። ቴርሞሜትሩ 1 ይላል። የፍሪጁ የውስጥ ግድግዳ ላይ ስስ ውርጭ አለ። መዝገቡን ገለጥኩት። እሑድ ጧት 5፣ እሑድ ማታ 5። እኔም ከሥሩ፣ በራሴ እጅ፣ ሰኞ ጧት 1 ብዬ ጻፍኩ።

ኃላፊያችንን ጠራኋቸው። ብልቃጡን አነሱና ምልክቱን አዩ። ብልቃጡ ላይ ክብ አለች፤ መሐሏ ላይ ደግሞ ትንሽ አራት ማዕዘን። ሙቀት በነካው ቁጥር አራት ማዕዘኑ ይጠቁራል። ከክቡ ጋር እኩል ከጠቆረ ክትባቱ አይሰጥም። የእኛ ነጣ እንዳለ ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው» አሉ። እኔም እፎይ አልኩ። ደጅ ላይ እናቶች ተሰልፈው ነበር። በዚያ ቀን 11 ልጆች ፔንታ ወሰዱ።

ማክሰኞ ስብሰባ ተጠራ። ዘጠኝ ነበርን። ኃላፊው፣ ፋርማሲስቱ፣ የቅዳሜ ሌሊት ተረኛ የነበረችው ነርስ፣ ቅዳሜና እሑድ በእኔ ቦታ የተተካው ልጅ፣ ጥበቃው ጋሼ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ እታለም፣ ሁለት ከአስተዳደር፣ እና እኔ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ጄኔሬተሩን ማን ነበር ማስነሳት የነበረበት?» የሚል ነበር።

ከዚያ በኋላ ወሬው ሁሉ ጄኔሬተር ሆነ። ጥበቃው ነዳጅ አልነበረም አሉ። አስተዳደር ነዳጅ ተጠይቆ አያውቅም አለ። ነርሷ ወሊድ ላይ ነበርኩ አለች። አንዱ ሲናገር ሌላው የራሱን መከላከያ እያዘጋጀ ነው፤ ከፊታችን ይነበባል። እታለም በሩ አጠገብ ቆማ ነበር፤ ማንም አልጠየቃትም። ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየን በኋላ ቃለ ጉባኤው ተጻፈ። «በመብራት መቆራረጥ ምክንያት ችግር ያጋጠመ ቢሆንም በተደረገው ማጣራት ክትባቱ ጉዳት ያልደረሰበት መሆኑ ተረጋግጧል» ይላል። ዘጠኛችንም ፈረምን።

ከታክሲ ወርጄ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ጊዮርጊስን አልፈናል። ያኔ ነው ድንገት የመጣልኝ። መብራት ከጠፋ ፍሪጅ ይሞቃል። ታዲያ እንዴት 1 ሆነ?

እግሬ ከዳኝ። ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ውርጩንም በዓይኔ አይቻለሁ። ብልቃጡ ላይ ያለው ምልክት ሙቀትን እንጂ በረዶን እንደማያሳይ ስልጠና ላይ ተምሬያለሁ። ፋርማሲስቱም ያውቃል። ኃላፊውም ያውቃሉ።

ዛሬ ጧት የማወዛወዝ ምርመራውን ሠራሁ። አንድ ብልቃጥ ሆን ተብሎ በረዶ ይደረጋል፤ ከዚያ ይሟሟል። እሱንና የተጠረጠረውን አንድ ላይ ታወዛውዣቸውና ጎን ለጎን ታስቀምጫለሽ። በረዶ ሆኖ የነበረው ቶሎ ይዘቅጣል፤ ቅንጥብጣቢ ነገርም ይታይበታል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ሆኑ። አብረው ዘቀጡ። ዝም ብዬ አየኋቸው።

ፔንታውን ሁሉ ለይቼ «አይነካ» ብዬ ጽፌበታለሁ። ለወረዳ ደውያለሁ፤ አርብ ይመጣሉ። ስለዚህ የክትባቱ ነገር መንገድ ይዟል።

ጥያቄዬ ስለ ሰዎቹ ነው፤ ስለ እኛ። አላዋቂ ሰው አልነበረም እዚያ ክፍል ውስጥ። ውሸት የተናገረም አልመሰለኝም። እንዴት ነው ዘጠኝ ሰው የሚያውቀውን ነገር አብሮ ሲቀመጥ የሚረሳው? ሁለተኛው ደግሞ አርብ እንዴት ልናገር? ነርሷ ገና የመጀመሪያ ዓመቷ ነው። «ማን አበላሸ» ከተባለ ነገሩ እሷ ላይ እንደሚወድቅ ይታየኛል። ደግሞ አንድ ሌላ ነገር አለ። ማታ መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጥኩት። ሦስት ወር ሙሉ 5፣ 5፣ 5 ነው። አንዳንዱ የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። ጎንበስ ብዬ ሳላይ የጻፍኩበት ቀን እንዳለ ለራሴ መካድ አልችልም።

ነርስ ነኝ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡55)

እህቴ፣ በርቺ። ምርመራውን በራስሽ መሥራትሽ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ሰው «ተፈርሟል» ብሎ ይተወዋል።

እኔ የምልሽ አንድ ነው። ያየሽውን ሁሉ ዛሬ ማታ በወረቀት ጻፊ፤ ሰዓት በሰዓት። አርብ ሌላው የሚለውን ከሰማሽ በኋላ የራስሽ ትዝታ ይቀየራል። እኔ ደርሶብኛል። አንድ ታካሚ ላይ የተፈጠረ ነገር ነበር። ከሦስት ስብሰባ በኋላ እኔ ራሴ ያየሁትን ሳይሆን ስብሰባው ላይ የተባለውን ነበር የማስታውሰው።

ከሽምብጥ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡20)

ሥራ አመራር አስተምራለሁ። ያንቺን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የጠየቅሽው ነገር ብዙ የተጠና ነው። ካርል ዋይክ የሚባል አሜሪካዊ ምሁር አለ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰዎች ለሚደርስባቸው ነገር እንዴት ትርጉም እንደሚሰጡ ነው ያጠናው። ሐሳቡን በእኛ ቋንቋ ልሞክረው።

ሰው ሥራ ላይ መጀመሪያ ያደርጋል። ያደረገውን የሚረዳው ኋላ ዞሮ ሲያየው ነው። ዞሮ ሲያይ ደግሞ ሁሉንም አያይም፤ ከብዙ ፍንጭ አንድ ሁለቱን ያነሳና በእነሱ ላይ ታሪክ ይሠራል። ብቻውንም አይሠራውም፤ ከባልደረባው ጋር እያወራ ነው። ታሪኩ ደግሞ እውነት መሆን የለበትም። የሚያስኬድ ከሆነ ይበቃል። ሥራው እንዲቀጥል፣ ደጅ ያለችው እናት እንድትስተናገድ፣ ሰው ወደ ቤቱ እንዲገባ የሚያደርግ ታሪክ ከተገኘ ፍለጋው እዚያ ላይ ይቆማል።

ዋይክ በ1993 (በፈረንጆች) የጻፈበት አንድ አደጋ አለ። ተማሪዎቼ ሁሌ ዝም ብለው የሚሰሙት እሱን ነው። ቀኑ በእኛ ሐምሌ 29 ቀን 1941 ነው፤ በእነሱ 1949። ቦታው አሜሪካ፣ ሞንታና፣ ማን ጋልች የሚባል ሸለቆ። በፓራሹት እየወረዱ የደን እሳት የሚያጠፉ ወጣቶች ተላኩ። ምድር ላይ ከጠበቃቸው አንድ ሰው ጋር 16 ሆኑ። ከአየር ላይ ሲያዩት ተራ እሳት ነው የመሰላቸው። እነሱ ዘንድ ለእንዲህ ያለው ስም አለው፤ በነጋታው በእኛ አቆጣጠር ጧት 4 ሰዓት ላይ የሚያልቅ እሳት ይሉታል። እንደዚያ ብለው ሰየሙት። ወርደው እህል ውኃ ቀመሱ፤ መንገድም ጀመሩ።

እሳቱ ግን ሸለቆውን ተሻግሮ ከበታቻቸው መጣ። ደረቅ ሣር ላይ ሽቅብ እየሮጠ ነው። አለቃቸው ዋግነር ዶጅ መሣሪያችሁን ጣሉ አላቸው። ቀጥሎ ያደረገውን ግን ማንም አልተረዳውም። ክብሪት ጭሮ ከፊቱ ያለውን ሣር ራሱ አቃጠለና፣ በተቃጠለው አመድ ላይ ኑ ተኙ ብሎ ጠራቸው። ትልቁ እሳት ሲደርስ የሚበላው እንዳያገኝ ነው። እነሱ ግን እሳት ሊያጠፉ የመጡ ልጆች ናቸው፤ አለቃቸው እሳት ሲለኩስ ምን ይበሉ? አልፈውት ሮጡ። 13ቱ ሞቱ። ዶጅ አመዱ ላይ ተኝቶ ተረፈ። ሌሎች ሁለት በድንጋይ ስንጥቅ በኩል ወደ ጋራው አናት ወጥተው ተረፉ።

ይህን ያነሳሁት ፍሪጅን ከሞት ጋር ለማስተካከል አይደለም። ስሙን ተመልከቺው። «በነጋታው የሚያልቅ እሳት» ብለው ሰየሙት፤ ከዚያ በኋላ ዓይናቸው ያንን ስም የሚደግፈውን ነበር የሚፈልገው። ለእናንተም ስሙ በር ላይ ነው የደረሰው። «መብራት ጠፍቶ አደረ» ተባልሽ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ጥያቄው ሞቋል ወይስ አልሞቀም ሆነ። ምልክቱ አልሞቀም አለ። መልሱ እውነት ነበር። መጠየቅ የነበረባችሁ ግን ሌላ ነገር ነበር።

ማክሰኞ ደግሞ «ማን ማስነሳት ነበረበት» ተባለ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ሰው ያየውን አያስታውስም፤ የሚያስታውሰው የሚያድነውን ብቻ ነው።

አርብ ዕድል ከሰጡሽ ስብሰባው እንዲህ እንዲጀመር ጠይቂ። ከቅዳሜ ማታ እስከ ሰኞ ጧት እያንዳንዱ ያየውንና እጁ የነካውን ብቻ ይናገር። ምክንያት አይጨመርበት፤ አስተያየትም አይጨመርበት። ጽዳትና ጥበቃ ይቅደሙ። ኃላፊው መጨረሻ ላይ ይሁኑ፤ እሳቸው ከቀደሙ ሌላው የእሳቸውን ነው የሚደግመው። «ማን» የሚለውን ቃል ትታችሁ «ከዚያስ?» በሉ።

ኦዲተሩ (ሐሙስ፣ ከጧቱ 1፡30)

የመምህሩን ጽሑፍ በጥሞና አነበብኩት፤ ብዙው ልክ ነው። ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። 11 ልጆች አሉ። ሁሉም የራሱ ታሪክ አለው፣ ሁሉም ከቦታው ሆኖ ያየውን አየ እያልን ከሄድን ኃላፊነት የት ይገባል?

ውስጥ ኦዲት ነው የምሠራው። ሳይታይ የተጻፈ 5 የትርጉም ጉዳይ አይደለም፤ የሐሰት መዝገብ ነው። እህታችን ራሷ ይህን ስላልደበቀች አከብራታለሁ። እኔ የምለው ሁለቱ ይለዩ። ክትባቱን ለማዳን ብሎ አንድ ነገር ነክቶ የተሳሳተ ሰው ካለ እሱ አንድ ነው። ሳያይ ቁጥር የጻፈ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ሳይፈራ መናገር አለበት። ሁለተኛው ግን ቢያንስ በጽሑፍ ሊነገረው ይገባል፤ ካልሆነ ነገም 5 ነው።

ከሽምብጥ (ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡45)

ኦዲተሩ ያሉትን እቀበላለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ቅደም ተከተሉን። መጀመሪያ ይሰማ፣ ኋላ ይወሰን። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከተጀመሩ የሚሰማ ነገር አይኖርም።

የዘጌ መስመር (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡15)

እህታችን፣ እኔ ጀልባ ነጂ ነኝ። የቢሮ ሰው አይደለሁም፤ ግን ማኅበር አለን፣ ስብሰባም አለን። ያልሽው ነገር እኛም ዘንድ አለ።

እምቦጭ በ2004 አካባቢ ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ጀልባ ላይ ለሚደርስ ነገር ሁሉ አንድ ስም ተገኘ። ወደ ጎርጎራ በኩል የሚሠሩት በእውነትም ተቸግረዋል፤ ሞተሩ ላይ ይጠመጠማል፣ ጀልባውን ይይዛል። እኛ ግን በደቡብ በኩልም ሞተር በተንቀጠቀጠ ቁጥር «እምቦጭ ነው» ማለት ለመድን። አንድ ክረምት የእኔ ሞተር መንቀጥቀጥ ጀመረ። እምቦጭ ነው አልኩ። ከውኃ አወጣሁት፣ ጠረግኩት፣ ጥቂት ቅጠል አገኘሁ። አየህ፣ አልኩ ለረዳቴ። ለሦስት ሳምንት በየቀኑ ስጠርግ ነበር። በየቀኑም ጥቂት ቅጠል አገኛለሁ። ሐይቅ ነዋ፣ ቅጠል መቼ ይጠፋል።

ረዳቴ 16 ዓመቱ ነው። አንድ ቀን ክብራን ገብርኤል አጠገብ ስንደርስ ሞተሩ ጠፋ። አሥራ አራት ሰው ጭነናል። ነፋስ ተነስቷል። ሌላ ጀልባ ደርሶ ጎተተን፤ ተመስገን። ማታ ዳር ላይ ቁጭ ብለን ልጁን ጠየቅኩት። «ጋሼ፣ ከኋላ በሄድን ቁጥር ውኃው ላይ ዘይት አያለሁ» አለኝ። ከመቼ ጀምሮ? «ከመጀመሪያው።» ለምን አልነገርከኝም? «እምቦጭ ነው ስላልከኝ።»

ይህቺ ቃል አሁንም ከሆዴ አልወጣችም። እሱ ከኋላ ተቀምጦ ነው የሚያየው፤ እኔ ከፊት። ከፊት ዘይቱ አይታይም።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ሞተር ስናጠፋ መጀመሪያ እሱን ነው የምጠይቀው። ምን ሰማህ? ምን ሸተተህ? ምክንያቱን አልጠይቀውም። ምክንያቱን መካኒኩ ይፈልገዋል።

ስለ ጽዳት ሠራተኛዋ የተናገርሽው ነገር ልቤን ነካው። በሩ አጠገብ የቆመችውን። እሷን ጠይቂያት።

ሐይቅ ዳር (ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡00)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሐሙስ ማታ «ነርስ ነኝ» የምትለው እህት ባለችኝ መሠረት ያየሁትን ሁሉ ሰዓት በሰዓት ጻፍኩ። ከወረቀቱ ግማሹ ማክሰኞ ያልተነገረ ነገር ነው።

አርብ ከወረዳ ሁለት ሰዎች መጡ። ከመጀመሩ በፊት አንደኛዋን ውጭ አገኘኋትና መምህሩ ያሉትን ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና «ይሁን፣ እንሞክረው» አለች። ኃላፊያችን ደስ አላላቸውም፤ ግን አልተቃወሙም።

እታለም ቀደመች። መጀመሪያ «እኔ ምን አውቃለሁ» አለች። ከወረዳ የመጣችው ሴት «ያየሽውን ብቻ፣ እሑድ ጧት ስትገቢ» አለቻት። እታለም እንዲህ አለች፤ «እሑድ ስጠርግ ያ ፍሪጅ አላርፍ ብሎ ሲጮህ ነበር። ሌላ ጊዜ ይጮሃል፣ ዝም ይላል፣ ይጮሃል። የዚያን ቀን ጠርጌ እስክጨርስ ዝም አላለም።»

ክፍሉ ዝም አለ። ፋርማሲስቱ ቀና ብሎ አየኝ። የማያርፍ ፍሪጅ ብዙ ጊዜ የቅዝቃዜ ማስተካከያ ቁልፉ መጨረሻ ላይ ያለ ፍሪጅ ነው።

ጥበቃው ጋሼ ቀጠሉ። መብራቱ የመጣበትን ሰዓት ነገሩን። ከዚያም ጨመሩ፤ «መብራት እንደመጣ ነርሷ በባትሪ መብራት ወደ ክትባት ክፍል ስትገባ አይቻለሁ። ጎበዝ ልጅ ብያለሁ በልቤ።» እንዲህ ብለው ባይጨምሩ ኖሮ ቀጥሎ የሆነው የሚሆን አይመስለኝም። ነርሷ ማልቀስ ጀመረች። «ቁልፉን 7 ላይ ያደረግኩት እኔ ነኝ» አለች። «አራት ሰዓት ሙሉ ጠፍቶ ነበር፤ ቶሎ ይቀዝቅዝ ብዬ ነው። ወሊድ ተጠራሁና ሄድኩ። ጧት ተረኝነቴ አለቀ፣ ረሳሁት።» ማክሰኞ ለምን አልተናገርሽም ያላት የለም። እሷ ራሷ ነች የመለሰችው። «ማክሰኞ የተጠየቀው ስለ ጄኔሬተር ነበር። ቁልፉ ትዝም አላለኝም» አለች። አምናታለሁ። እኔም የጻፍኩት 1 ትዝ አላለኝም ነበር።

የእኔ ተተኪ የነበረው ልጅ አቀርቅሯል። ተራው ሊደርስ ሲል እኔ ቀደምኩ። መዝገቡን ገልጬ የራሴን 5ቶች በጣቴ አሳየሁ። ሳላይ የጻፍኩት አለ አልኩ፤ የትኛው እንደሆነ ግን አሁን መለየት አልችልም። ይህን ስናገር ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ልጁ ቀና አለ። እሑድ ማታ ውርጩን አይቶ፣ ቁልፉ 7 ላይ መሆኑን አይቶ፣ ወደ 3 መልሶታል። ተስተካክሏል ብሎ አሰበና 5 ጻፈ። ጧትም ሳያይ ነው የጻፈው። በረዶ ሆኖ አድሮ ሊሆን ይችላል ብሎ አላሰበም። የእኛ ቴርሞሜትር ደግሞ አሁን ያለውን ብቻ ነው የሚናገረው፤ ሌሊቱን አያስታውስም።

ኃላፊያችን መጨረሻ ላይ ተናገሩ። «ብልቃጡን ያየሁት እኔ ነኝ። ሙቀት ሙቀቱን ብቻ ነው ያሰብኩት» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ለእኔ ግን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስድስት ዓመት ውስጥ እሳቸው «እኔ ነኝ» ሲሉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

አያችሁት? ሁሉም ቁራጭ ማክሰኞ እዚያው ክፍል ውስጥ ነበር። አንዱ ጩኸቱን ሰምቷል፣ አንዷ ቁልፉን አዙራለች፣ አንዱ መልሶታል፣ እኔ 1 ጽፌያለሁ።

ኦዲተሩ ወንድሜ፣ ያልከውም ሆኗል። እኔና ተተኪዬ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶናል። ተቀብዬዋለሁ፤ አልከፋኝም። ነርሷ አልተቀጣችም። ቃለ ጉባኤው ተሽሮ አዲስ ተጻፈ። የበረዶ አመልካች እንዲላክልን ወረዳው መዝግቧል። መዝገቡ ላይ ደግሞ ከቁጥሩ ጎን አንድ ባዶ ረድፍ አሰመርኩ፤ «ምን ሰማህ፣ ምን ነካህ» የሚጻፍበት። ትናንት እታለም ገብታ «ዛሬ እያረፈ ነው» አለችኝና እሱን ጻፍኩት።

ልጆቹን በተመለከተ ወረዳው እንዲደገምላቸው ወስኗል። የጤና ኤክስቴንሽኖቹ ከትናንት ጀምሮ ቤት ለቤት እየሄዱ ነው። ከ11ዱ 8ቱ ተገኝተዋል። ለእናቶቹ ነገሩን እኔው ነኝ የነገርኳቸው። አንዷ ተቆጥታኛለች፤ መብቷ ነው። ሁለቱ ሰኞ ይመጣሉ። አንዷ ግን ልጇን ይዛ ደቅ ደሴት እናቷ ዘንድ ሄዳለች፤ እስከ ነሐሴ አትመለስም ተብሏል።

የዘጌ መስመር ወንድሜ፣ ወደ ደቅ የሚሄድ ጀልባ በዚህ ሳምንት ታውቃለህ? ካሪየሩን ይዤ እኔው እሄዳለሁ። አይስ ፓኩን (ካሪየሩን የሚያቀዘቅዘውን፣ ውኃው በረዶ የሆነ ጥቅል) ከበረዶ ክፍሉ አውጥቼ፣ ሳወዛውዘው ውስጡ ውኃ ሲንቀጫቀጭ እስክሰማ ጠብቄ ነው የምጭነው፤ አለዚያ ክትባቱን ሳጥኑ ውስጥም በረዶ ይመታዋል። ስለዚህ የመነሻ ሰዓቱን በትክክል ማወቅ አለብኝ።

የዘጌ መስመር (ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11፡20)

አለ። ጓደኛዬ ማክሰኞ ወደ ደቅ ይሄዳል፤ ነግሬዋለሁ። ጧት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳል፤ ነፋሱ ሳይመጣ ለመድረስ ነው። 12 ሰዓት ላይ ወደቡ ጋ ሁኚ፤ እኔም እዚያው ነኝ። ሳጥንሽ ከሞተሩ ርቆ፣ ከፊት፣ ጥላ ውስጥ ይቀመጣል። ቦታውን አስይዤልሻለሁ።